ከሰሃኗ ሥር ማን አለ?

ከኩርሙክ እስከ ባምባሲ ባለው ምድር ዋይፋይን እንደ እኔ አድርጎ ያዘዋወረ ሰው አልተፈጠረም። ሰውየው ስልኩ ላይ እናቱን እያየ፣ እናቱ «በላህ ወይ?» ብላ ሳትጨርስ፣ ከራሱ በላይ የተሰቀለውን ከአንዱ ጌታ ወደ ሌላው አሻግሬው፣ «በላሁ» የሚለው መልስ በአዲሱ መንገድ ነበር የሚሄድለት። ዐይኑን እንኳ አያርገበግብም። እጄ እንዲህ ለስላሳ ነበረች። ይህችው ለስላሳ እጅ አንድ ሐሙስ ጠዋት ጾሬ የስደተኞች ጣቢያ ላይ ቢሮውን፣ የመማሪያ ማዕከሉንና የሴቶቹን የስፌት ክፍል ባንዴ አጨለመቻቸው። አውሎ ነፋስ ቢያልፍ ከእኔ የተሻለ ተጠንቅቆ ያልፍ ነበር።

አሁን ማር ነጋዴ ነኝ። አሶሳ ገበያ ከቀርከሃ ወንበር ሠሪዎቹ አጠገብ ነው የምቀመጠው። ጢሜ ሸብቷል፣ የበኩር ልጄ ለመዳር ደርሳለች፣ እስካሁን ግን ገበያው «የዋይፋዩ ልጅ» ይለኛል። ሥራውን ለምን ተውከው ሲሉኝ «ንብ ሪፖርት አትጠይቅም» ብዬ አልፋቸው ነበር። ባለፈው ሰሞን ግን አንድ ጎረምሳ ቴክኒሻን ማር ሊገዛ መጣና፣ ዛሬ ዘመኑ ተቀይሯል፣ ሁሉም ነገር ከአዲስ አበባ በአንድ ቁልፍ ይዛወራል፣ መቆራረጡም አነስተኛ ነው አለኝ። «መቆራረጡ አነስተኛ ነው» የምትለዋን ስሰማ ደሜ ፈላ። ማሩን ቀንሼ ልሰፍርለት ምንም አልቀረኝም። ይህን የምጽፈው ለእሱ ነው።

መጀመሪያ የዕቃዎቹን ነገር ልንገራችሁ። በሥራ ስሟ አክሰስ ፖይንት ትባላለች፤ ጣሪያ ላይ እንደ ተደፋ ሰሃን ተለጥፋ ዋይፋይ የምትረጭ ነጭ ዕቃ ናት። ስለዚህ እኛ ዘንድ ሁሉም «ሰሃኗ» ነው የሚላት። ሰሃን ደግሞ በራሷ አታዝም። ኮንትሮለር የሚባል አለቃ አላት፣ የእኛው አሶሳ ዋናው ቢሮ ውስጥ የተቀመጠ ሣጥን ነበር። ማንን እንደምታስገባ፣ ማንን እንደምትመልስ የሚነግራት እሱ ነው። ይህ አለቃ ሲያረጅ አዲስ ይገዛል፣ ሰሃኖቹም አንድ በአንድ ከአሮጌው ወደ አዲሱ ይዛወራሉ። የኔ እንጀራ ይህ ነበር።

ተወልጄ ያደግኩት ከአሶሳ ወጣ ብሎ ካሉት የሰፋሪ መንደሮች በአንዱ ነው። አባቴን ደርግ ከወሎ አንስቶ ሲያመጣው፣ እሱ እንደሚለው፣ ከአገሩ ይዞት የመጣው አንድ ጋቢና ብዙ ስድብ ነበር። ስድቡን ለእኔ አወረሰኝ። ስሜ ሙሄ ይባላል። ለስደተኞች በሚሠራ አንድ ድርጅት ውስጥ የኔትወርክ ገመድ ጎታች ሆኜ ስቀጠር አለቃዬ ኡስታዝ ሐሚድ ነበሩ።

ኡስታዝ ሐሚድ የበርታ ሰው ናቸው፣ ካርቱም የተማሩ ኢንጂነር። ትሑት እንዳይመስሏችሁ። ኢንተርኔትን ወደ አሶሳ ያስገባሁት እኔ ነኝ ይሉ ነበር፤ ሰሚ ቢያገኙ መብራቱንም ዝናቡንም ይጨምሩበት ነበር። ጀለቢያቸው ነጭ፣ ተተኩሶ ቢላ የመሰለ፣ የሻይ ፔርሙዛቸው ከእጃቸው የማይለይ። እኔን «ያ ወለድ» ነበር የሚሉኝ፣ አንተ ልጅ ማለታቸው ነው። ዛሬም ይሉኛል። አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋቸው ስለሆነ ትልቁንም ትንሹንም፣ ወንዱንም ሴቱንም ባንድ ያነጋግሩታል፤ የቢሮውን ኃላፊ «አንተ» ሲሉት የማይደነግጡ እሳቸው ብቻ ነበሩ።

የመጀመሪያ ትምህርቴን የሰጡኝ ባምባሲ ቢሮ ነው። መሰላሉን አቁሜ ልወጣ ስል ጎትተው አወረዱኝ።

«ያ ወለድ፣ ሰሃን ንብ ነው» አሉኝ። «ቀፎው ዛፍ ላይ ነበር፣ ወደ ሌላ ዛፍ ወሰድከው። ንቡ የት ይሄዳል? ድሮ ዛፍ ይሄዳል። ንቡ ሞኝ አይደለም። አንተ አልነገርከውም።»

እውነታቸውን ነበር። ሰሃኗን አዲሱ አለቃሽ እገሌ ነው፣ እሱ ከሌለ ደግሞ እገሌ ብለህ በቅድሚያ ካልነገርካት፣ መብራት ብልጭ ብሎ በጠፋ ቁጥር ስትነሣ አሮጌውን ፈልጋ ትሄዳለች። አሶሳ ውስጥ ደግሞ መብራት ብልጭ ማለቱን ማን ሊያስተምረው። ሌላም ነገር አለ። አዲሱ ኮንትሮለር የራሱ አዲስ ሶፍትዌር አለው፣ ሰሃኗም እሱን ሳትቀበል አታድርለትም። ኡስታዝ «ስንቁን ቀድመህ ላክ» ይሉ ነበር። ሰሃኗ ገና በአሮጌው አለቃ ሥር ሳለች ሶፍትዌሩ ቀስ እያለ ይላክላታል፣ ሆዷ ውስጥ ይቀመጣል። የመዛወሪያዋ ሰዓት ሲደርስ ተነሥቶ መሄድ ብቻ ነው የሚቀራት፣ ሰው ሳይነቃ ትመለሳለች። ጎረቤት ሰሃኖችንም አብረህ አትነካም፤ አንዷ ስትተኛ የሰዉ ስልክ ወደ ጎረቤቷ ይዘላል፣ ያቺም ከተኛች ወዴት ይዘላል? በመጨረሻም አንዲት ሰሃን ሁሉም ነገር እስኪጣራ ድረስ በአሮጌው ላይ ትቀራለች። እሷን «ዘበኛ» ነበር የሚሏት።

እኔን ያበገነኝ ግን ይህ ሁሉ አልነበረም። ከሁሉ በፊት የሚያደርጉት ነገር ነበር። ሰሃኗን ከመንካታቸው በፊት ከሥሯ ወዳለው ክፍል ገብተው፣ ያገኙትን ሰው ሁሉ «አሁን ምን እየሠራህ ነው?» ብለው ይጠይቃሉ። አንዱን ሳይዘሉ። ለበርታው በበርታ፣ ለሱዳኑ በዓረብኛ፣ ለቀረው በዚያው አማርኛቸው። ከጨረሱ በኋላ ሰሃኗ ሥር ወንበር ስበው፣ ሻይ ቀድተው፣ አንድ የማያውቁት ሰው ስልኩን ከፍቶ «ይሠራል» እስኪላቸው አይነሡም። ባምባሲ ላይ ገንዘብ ያዧ ወይዘሮ ጫልቱ ጥያቄው ቢበዛባት ሂሳቧን ትታ ቀና አለችና «ኡስታዝ፣ ዋይፋይ ልትቀይር ነው ወይስ ልታገባኝ?» አለቻቸው። ኡስታዝ ፔርሙዛቸውን ጠረጴዛዋ ላይ አስቀምጠው «መጀመሪያ ዋይፋዩ» አሉ። ክፍሉ በሳቅ ሲናድ እኔ በኀፍረት መሰላሉ ሥር ገባሁ። ኢንጂነር ሆኖ እንደ ሠፈር አፈላላጊ ሰው ሲጠይቅ መዋል ምንድነው እል ነበር። ታች ማን እንዳለ ሳታውቅ ላይ አትንካ፣ ይኸው ነው ሃይማኖታቸው።

እሳቸው ጡረታ ወጥተው ባምባሲ አጠገብ ወዳለው መንደራቸው ሲገቡ ወንበሩ ለእኔ ደረሰ። ደመወዙ ትንሽ ከፍ አለ፣ ፊርማው በጣም በዛ። ከአዲስ አበባም አዲስ አስተባባሪ መጡልን፣ አቶ ብርሃኔ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ክፉ ቢሆኑ ይቀለኝ ነበር። ድምፃቸውን ከፍ አያደርጉም፣ ሰው አይሳደቡም፣ ለልደትህ ኬክ ያስቆርሳሉ። ነገር ግን ሪፖርት ላይ ያልተጻፈ ነገር የተፈጠረ አይመስላቸውም። ዝናብ ቢዘንብባቸው እንኳ ሪፖርት ካልደረሳቸው ጃንጥላ የሚዘረጉ አይመስለኝም።

አዲሱ ኮንትሮለር ሲገዛ የአሶሳውንና የባምባሲውን ሰሃን ሁሉ በኡስታዝ ሕግ አዛወርኩ። ስንቅ ቀድሞ፣ ጎረቤት ሳይነካ፣ ዘበኛ ቆሞ። አንድ ሰው እንኳ አቤት አላለም። ያን ጊዜ ነው ልቤ ያበጠው። በግምገማ ስብሰባ ላይ አቶ ብርሃኔ የጾሬውስ ምን ያህል ይፈጃል ብለው ቢጠይቁኝ፣ ከወገቤ ቀና ብዬ «ጾሬን? እርስዎ ሻይዎን አማስለው ሳይጨርሱ» አልኩ። ሰው ሳቀ። እሳቸው ግን ጻፉት።

ከጥቂት ቀን በኋላ ጠሩኝ። ሐሙስ ከረጂዎቹ ዘንድ እንግዶች ይመጣሉ፤ አሶሳ ቢሮ ትልቁ ስክሪን ላይ የሰሃኖቹን ካርታ ያያሉ፤ ነጥቦቹ ሁሉ በአዲሱ ኮንትሮለር ላይ አረንጓዴ ሆነው መታየት አለባቸው። የጾሬው ባንድ ጊዜ ይሁን አሉኝ። ከአሶሳ ወደ ጾሬ የሚሄደው የሬዲዮ መስመር ቀጭን መሆኑን፣ ስንቁን ቀድሞ ለመላክ ቀናት እንደሚፈልግ አስረዳኋቸው። አዳመጡኝ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ከዚያ በዚያ ለስላሳ ድምፃቸው «ሙሄ፣ ሻዩን የጠቀስከው አንተ ነህ» አሉ። የገዛ ምላሴ አስሮ ሰጠኝ።

ሐሙስ ጠዋት ላፕቶፔን ታቅፌ ጾሬ ገባሁ። የመማሪያ ማዕከሉን በር አልፌ ስሄድ በሩ ላይ ወንበር ተጋድሞ ነበር። ጾሬ ውስጥ በር ላይ የተጋደመ ወንበር «አትግቡ፣ ጉዳይ ላይ ነን» ማለት ነው፤ ሕፃን ያውቀዋል። እኔም አውቀዋለሁ። ኡስታዝ ቢሆኑ ወንበሩን ዘለው ገብተው ይጠይቁ ነበር። እኔ እግሬ ከዐይኔ ቀድሞ አለፍኩ። ቢሮው ውስጥ ተቀምጬ የጾሬን ሰሃኖች ሁሉ ምልክት አደረግኩና ባንድ ትእዛዝ ወደ አዲሱ ሰደድኳቸው።

ሰደድኳቸው እንጂ አልደረሱም። ስንቅ አልያዙማ። ሁሉም ባንድ ላይ ያን ትልቅ ሶፍትዌር ከአሶሳ ይጎትቱ ጀመር፣ በዚያች እንደ ክር በቀጠነች መስመር። ረመዳን ሊፈታ ሲል የተምር ሻጭ ላይ የሚረባረበውን ሰው አስቡ፤ ሻጩ አንድ፣ እጁ ሁለት። ስክሪኔ ላይ ነጥቦቹ ሁሉ ቀይ ሆኑ። የማውረጃው ቁጥር ቆመ ብል አላጋነንኩም፣ ኤሊ አልፋው ሄዳለች። ቢሮው ውስጥ ሰዎች ስልካቸውን ወደ ጣሪያ ያነሡ ጀመር፤ ዋይፋይ እንደ ዝናብ ከላይ የሚለመን ይመስል።

ከዚያ ሱመያ ከማዕከሉ ወጣች። ላፕቶፑን በሁለት እጇ ከራሷ በላይ አንሥታለች። ሱመያ በኩርሙክ በኩል ከሱዳን የመጣች ልጅ ናት፣ ማዕከሉ ውስጥ ሕፃናት ታስተምራለች። ለውጭ አገር ዩኒቨርሲቲ የነፃ ትምህርት አመልክታ፣ የመጨረሻው ቃለ መጠይቅ በቪዲዮ የነበረው ያን ጠዋት ነው። ይህን ጾሬ ሁሉ ያውቃል። የስፌት ክፍሉ ሴቶች ዱዓ አድርገውላት ነበር። የጾሬ ፍየሎች ያውቁ ነበር። ያልሰማሁት እኔ ብቻ ነበርኩ፣ አልጠየቅኩማ።

ፊቴ ቆማ «ሰዎቹ ጠፉ» አለችኝ። «እኔ ነኝ የጠፋሁት ወይስ እነሱ?»

«ሁለት ደቂቃ» አልኳት።

«ሁለት ደቂቃ ያንተ ነው ወይስ የኔ?»

ስልኬን አውጥቼ ባምባሲ ደወልኩ። ኡስታዝ የሆነውን ሁሉ ሳልጨርስላቸው አቋረጡኝ።

«ታች ማን አለ?»

«ሱመያ።»

«ይሄን ስም» አሉኝ፣ «ቅድም ነበር የምትነግረኝ። ዘበኛ አስቀረህ?»

አላስቀረሁም ልላቸው አፌን ከፍቼ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ከወጥ ቤቱ ኋላ ባለው የእህል መጋዘን ውስጥ አንዲት ሰሃን አለች። ከወጥ ቤቱ መስመር የተጠለፈች ስለሆነች ከጾሬዎቹ ጋር አልቆጠርኳትም፣ አላዛወርኳትም። አሁንም በአሮጌው ኮንትሮለር ሥር ናት። እዚያ ለምን እንደተሰቀለች በኋላ እመጣበታለሁ። «አንዲት አለች» አልኳቸው። «እንግዲያ ሌላውን ግደለው» አሉና ስልኩን ዘጉት።

ግደለው ያሉት ገባኝ። ሌሎቹ ያን ክር ሲጎትቱ ለመጋዘኗ ሰሃን ትንፋሽ አይተርፋትም። ሮጥኩ፤ በዚያ ዕድሜዬ እንዲያ መሮጤን ያየ ሰው ጅብ ያባረረኝ ይመስለዋል። ከመጋዘኗ በቀር ለሰሃኖቹ ሁሉ መብራት የሚሰጠውን መሰኪያ ነቀልኩት። የእንግዶቹ አረንጓዴ ነጥቦች፣ የኔም ደመወዝ ምናልባት፣ አብረው ተነቀሉ። ሱመያን መጋዘን ወስጄ የክክ ጆንያ ላይ አስቀመጥኳት፣ ከዘይት ጀሪካኖቹ መሃል። ላፕቶፑን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ከፈተችው፤ ሰዎቹም ታዩ።

የመጀመሪያ ቃሏ ይቅርታ ነበር። እንግሊዝኛዬ ብዙ ባይሆንም ይህችን ቃል አውቃታለሁ። አጥፊው እኔ፣ ይቅርታ ጠያቂዋ እሷ። ኢንተርኔቱ ስላስቸገራችሁ ይቅርታ አድርጉልኝ ትላቸዋለች፣ ከጦርነት የወጣች ልጅ፣ ክክ ላይ ተቀምጣ። እስከ ዛሬ ሳስበው ያንገበግበኛል።

በሩ ላይ ቆሜ ዘበኛ ሆንኩ። ስልኬ ጮኸ፤ አቶ ብርሃኔ ናቸው። «ሙሄ፣ ሻዬን ጨርሻለሁ። ካርታው ቀይ ነው።» እንግዶቹ የት ደረሱ ብዬ ጠየቅኳቸው። ገና ቁርስ ላይ ናቸው፣ ማንጎ ወደውታል አሉኝ። ይጨመርላቸው አልኩና ዘጋሁት። በሥራ ዘመኔ አለቃ ላይ ስልክ የዘጋሁት ያኔ ብቻ ነው።

ብዙ ሳይቆይ ሱመያ ወጣች። ሰዓቱ አልቆ፣ ሌላ ተፈታኝ ወረፋ ላይ ነበር። ላፕቶፑን ዘግታ ደረቷ ላይ አቅፋዋለች።

«ቅድም ሲቋረጥ ስለ እናቴ ጠይቀውኝ ነበር» አለች። «ተመልሰው አልጠየቁኝም።»

መሰኪያውን መልሼ ሰካሁት፣ ሰሃኖቹን ደግሞ ተራ በተራ ስንቃቸውን እያጎረስኩ አነሣኋቸው። እንግዶቹ የአሶሳን ማንጎ ጨርሰው ስክሪኑ ፊት ሲቆሙ ቀኑ ተገምሶ፣ ነጥቦቹ አረንጓዴ ሆነው ነበር። አጨበጨቡ አሉ። ሱመያ አላለፈችም።

ሪፖርቱን አቶ ብርሃኔ ራሳቸው ጻፉት። «መቆራረጡ አነስተኛ ሲሆን፣ አንድ ተጠቃሚ ብቻ ለአጭር ጊዜ ተስተጓጉሏል» ይላል። ይዤው ቢሯቸው ገባሁ። ተጠቃሚ ማለት ምንድነው? ምን ተጠቀመች? ስሟ ሱመያ ነው፣ ስሟን ይጻፉት አልኳቸው። ሪፖርት ላይ የሰው ስም አይገባም፣ አሠራሩ አይፈቅድም አሉኝ፣ በዚያው ኬክ በሚያስቆርስ ድምፃቸው። አንድን ሰው በስሙ ካልጠራኸው በእርግጥም አነስተኛ ነው። መቶም ቢሆን አነስተኛ ነው። ስንቱ ቢሮ፣ በስንቱ ወረቀት ላይ፣ «ጥቂት ተጠቃሚዎች» እያለ የሰው ዕድል ይቀብር ይሆን እያልኩ ያን ሌሊት እንቅልፍ አላየሁም። አንተ ቁልፍ ተጫኝ ጎረምሳ፣ ከአዲስ አበባ ሆነህ ስትጫን ታች ማን አለ? አንድ በር ላይ ወንበር ተጋድሞ እንደሆነ ከዚያ ይታይሃል?

በቁጣዬ ያኔውኑ ለቀቅኩ ብል ደስ ባለኝ። ግን ልጆች ትምህርት ቤት ነበሩ፣ ከርሜ ነው የወጣሁት። በሽኝቴ ቀን አቶ ብርሃኔ ንግግር አደረጉ። በጾሬው ዝውውር ወቅት አርቆ አሳቢው ሙሄ በመጋዘን ውስጥ አስቀድሞ መጠባበቂያ ሰሃን አዘጋጅቶ ስለነበር ተብሎ፣ ባለ ማኅተም የምስክር ወረቀት ተሰጠኝ። አጨበጨቡልኝ። ጎንበስ ብዬ ተቀበልኩ። ኡስታዝ ሐሚድ ከባምባሲ ድረስ መጥተው ከፊት ተቀምጠው ነበር፤ ሻያቸውን እየጠጡ ከፔርሙዛው ክዳን በላይ ያዩኛል፣ አያጨበጭቡም።

በቀደም ሱመያ ማር ልትገዛ መጣች። አማርኛዋ አድጓል፣ ምላሷም አብሮ። ማሩን በጣቷ ቀመሰችና «ይሄም ይቆራረጣል እንዴ?» አለችኝ። የቀርከሃ ሠሪዎቹ እስኪያስነጥሳቸው ሳቁብኝ። ዘንድሮ እንደገና አመልክታለች፤ ቃለ መጠይቁን ከአሶሳ ከተማ፣ ከአንድ ዘመዷ ቤት ነው የምታደርገው፣ «ካንተ ሰሃን ርቄ» ትላለች። ማሩን ሞልቼ ሰፈርኩላት፣ ዋጋ ስትጠይቀኝም አልሰማሁም አልኩ። ልትሄድ ስትል ዞር ብላ፣ ያቺ ሰሃን መጋዘን ውስጥ ምን ትሠራ ነበር አለችኝ። ለክኩ ነው እንዴ ዋይፋዩ?

ለኡስታዝ ያልነገርኩትን ለእሷ ነገርኳት፣ ለእናንተም ይኸው። መጠባበቂያ አልነበረችም። በሥራ ሰዓት ክክ ጆንያው ላይ ተጋድሜ፣ በአማርኛ የተተረጎመ የቱርክ ድራማ ላይባት ነው የሰቀልኳት። ልጅቷና ልጁ ሲለያዩ ደግሞ አለቅሳለሁ።